ሳዳም መሣሪያው ከሌለው ለምን "የለኝም" ብሎ ማሳመን አቃተው? (ማዕቀብና ፍተሻ ይሠራል አይሠራም)

ማታ_ማታ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስንከራከር አምሽተን ሳንግባባ ተለያየንና ወደናንተ ላምጣው ብዬ ነው። እሱ ሚለው ማዕቀብ፣ የመሣሪያ ፍተሻ ምናምን የሚባለው ለታይታ ነው፣ ጠበኛ መንግሥት ከጉልበት ሌላ ምንም አይገባውም ነው። እኔ ደግሞ ኢራቅን እያት አልኩት። ሳዳም ከ1991 በኋላ 12 ዓመት ሙሉ ጎረቤት አልወረረም፣ ኒውክሌር አልሠራም፣ በ2003 አሜሪካ ገብታ አገሩን ብታገላብጠው የተወራው ክምችት አልተገኘም፣ ታዲያ ታስሮ ነበር ማለት አይደል ወይ? እሱ ግን "ታስሮ ከነበረ ጦርነቱ ለምን መጣ?" አለኝና ዝም አልኩ። እስካሁን እያብሰለሰልኩት ነው። የምታውቁ አስረዱኝ፣ ስድብ ይቅርብን በናታችሁ።

ቀልደኛው፦
ዝም ካልክ ተሸንፈሃል፣ ክሩ ይዘጋ ሃሃሃ

ፋይል_687፦
ረዘም ይላል ታገሱኝ። ስሜንም ያወጣሁት ከዚሁ ጉዳይ ነው፣ ጸጥታው ምክር ቤት ኤፕሪል 1991 ላይ ካወጣው ውሳኔ ቁጥር 687 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው)። ኩዌት ነጻ ከወጣች በኋላ ኢራቅን ኬሚካልሽን፣ ባዮሎጂካልሽን፣ ኒውክሌርሽን፣ ከ150 ኪሎሜትር በላይ የሚወነጨፍ ሚሳኤልሽን አስረክቢ፣ እስክታስረክቢ ነዳጅ መሸጥ የለም አላት። ለዚሁ አንስኮም የሚባል ቡድን ተቋቋመ፣ መጀመሪያ የመራው ሮልፍ ኤኪየስ የሚባል ስዊድናዊ ነው፣ ኒውክሌሩን ደግሞ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው ያዘ።

ቢሮ ቁጭ ብለው ሪፖርት የሚያገላብጡ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ሴፕቴምበር 1991 ባግዳድ ውስጥ አንድ ሕንጻ ድንገት ገብተው የኒውክሌር ፕሮግራሙን ሰነድ እጅ ከፍንጅ ያዙት። ሊወጡ ሲሉ ወታደር ከበባቸው፣ ሰነዱን አምጡ፣ አናመጣም፣ አምጡ፣ አናመጣም፣ በቃ መኪና ማቆሚያው ላይ ቀሩ። ከ40 በላይ ሰዎች በዛ ሙቀት አውቶብሳቸው ውስጥ እያደሩ አራት ቀን! የሳተላይት ስልክ ይዘው ስለነበር እዛው ሆነው ለዓለም ጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ ይሰጡ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ከነሰነዱ ተለቀቁ።

ውጤቱስ? ኢራቅ ከሶቭየት የገዛችው ስከድ ሚሳኤል 819 ነበር፣ አንስኮም የ817ቱን መጨረሻ አጣርቷል። ከ38 ሺህ በላይ የኬሚካል ቦምብና ጥይት፣ 690 ቶን የሚሆን የኬሚካል መርዝ በነሱ ቁጥጥር ወድሟል። በጦርነቱ የአየር ድብደባ ከጠፋው ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዙት ሰዎች ያጠፉት ይበልጣል። ስለዚህ ማታ_ማታ፣ ለኔ ሠርቷል።

ብረት_ሰባሪ፦
ፋይል ወንድሜ የዘለልካትን ልንገርልህ። ያ ሁሉ አውቶብስ ውስጥ ማደር እያለ ሰውዬው ባዮሎጂካሉን ከ1991 እስከ 1995 ዓይናቸው እያየ ደብቆታል። አልሃከም የሚባለው ፋብሪካ ገብተው ሁሉ አይተውታል፣ የእንስሳት መኖ ነው የምናመርተው ተብለው ወጡ። ታዲያ ማን አጋለጠው? የገዛ አማቹ! ሁሴን ካሜል ኦገስት 1995 ኮብልሎ ዮርዳኖስ ገባ፣ ባግዳዶች ደነገጡና "ኧረ እኛ አናውቅም እሱ ነው የደበቀው" ብለው ተቆጣጣሪዎቹን አንድ የዶሮ እርባታ ወስደው ሰነዱን በሳጥን በሳጥን አሳዩአቸው። እስቲ አስቡት፣ የመንግሥት ምስጢር ከዶሮ ጋር። አማትና አማች ባይጣሉ ማን ያገኘው ነበር? ይሄ የፍተሻ ሥራ ነው አትበሉኝ፣ የቤተሰብ ጸብ ነው። ካሜል ደግሞ ፌብሩዋሪ 1996 ምህረት ተደርጎልሃል ተብሎ ተመለሰና በቀናት ውስጥ ተገደለ። ከእንደዚህ አይነት ሰው ጋር ነው እንግዲህ በወረቀት የምትደራደረው።

ላብ_ሰው፦
@ብረት_ሰባሪ ቅደም ተከተሉን አዙረኸዋል። ኢራቅ ለማጥቂያ የሚሆን ባዮሎጂካል ፕሮግራም ነበረኝ ብላ ያመነችው ጁላይ 1995 ነው፣ ካሜል ከመኮብለሉ በፊት ማለት ነው፤ እሱ ከወጣ በኋላ የተጨመረው ቦምብ ውስጥ ሞልተነው ነበር የሚለው ነው። ያሳመናትስ ምን መሰለህ? ደረሰኝ! ተቆጣጣሪዎቹ ከሻጮቹ አገሮች መረጃ ለቃቅመው ኢራቅ 39 ቶን የሚሆን የባክቴሪያ ማሳደጊያ እንዳስገባች ደረሱበት (እኛ ሚዲያ ነው ምንለው፣ የጋዜጠኛው አይደለም)። ለሆስፒታል ምርመራ ነው ተባሉ።

እኔ ላብራቶሪ ነው ምሠራው። ሚዲያ የሚመጣልን በግማሽ ኪሎ ብልቃጥ ነው፣ ጥቂት ግራም መዝነህ በውሃ በጥብጠህ አውቶክሌቭ አድርገህ (በእንፋሎት ግፊት ጀርሙን ገድለህ) ሳህኑ ላይ ታፈሰዋለህ፣ አንዷ ብልቃጥ ስንት ጊዜ ታገለግላለች። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ እርጥበት እየሳበ እንደ ድንጋይ ስለሚጋገር ሰው ሆን ብሎ ትንንሹን ነው የሚገዛው። የነሱ ግን የገባው በትልልቅ በርሜል ነው። በርሜሉን ያየ የላብ ሠራተኛ ሆስፒታል የምትለዋን ወሬ አንድ ደቂቃ አይሰማትም። በር መስበሩ ለካሜራ ያምራል እንጂ የፍተሻው አብዛኛው ሥራ የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ነው፣ ምን ገባ፣ ምን ዋለ፣ የጎደለው የት ሄደ። ደሞ አልሃከም በ1996 እነሱ ቆመው በፈንጂ መፈራረሱንም ጨምርበት።

ኤልሲ_ከፋች፦
ሁላችሁም ስለ ሚሳኤል ነው ምታወሩት፣ እኔ ደግሞ ማዕቀቡ ስለወደቀበት ሰው ላውራ።

ኢራቅ ማዕቀቡ የተጣለው ኦገስት 1990 ነው፣ በወሩ መንግሥት የራሽን ካርድ አወጣ። ዱቄት፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሻይ በየወሩ ከመንግሥት እጅ። በ2003 ከሕዝቡ 60 በመቶ የሚሆነው በዚህ ካርድ ላይ ጥገኛ ነበር። እስቲ ንገሩኝ፣ የልጆችህን ምግብ በየወሩ የሚሰፍርልህ ሰው ላይ ማን ያምፃል? ሳዳምን እናዳክም ብለው የሕዝቡን ጉሮሮ አስያዙት። በ1995 ነዳጅ ለምግብ የሚባለው ፕሮግራም ጸደቀ፣ ነዳጁ መውጣት የጀመረው ግን ዲሴምበር 1996 ነው፣ እስከ 2003 ድረስ 64 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ነዳጅ ተሸጠ። በኋላ በ2005 የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው አጣሪ፣ የቮልከር ኮሚሽን፣ ሲያጣራ ከ2 ሺህ በላይ ኩባንያዎች ለሳዳም ሰዎች በጓሮ ከፍለዋል፣ 1.8 ቢሊዮን ዶላር። በኮንትሮባንድ በጎረቤት አገር የወጣው ከዚህ ይበልጣል። ፕሮግራሙን ባግዳድ ሆነው የመሩት ዴኒስ ሃሊደይ በ1998፣ ተተኪያቸው ሃንስ ፎን ስፖኔክ በ2000 በቃን ብለው ሥራቸውን ለቀዋል። የገዛ ሠራተኞቹ ናቸው እኮ!

ከሥራዬም አንድ ልጨምር። ባንክ ነው ያለሁት፣ የማዕቀብ ዝርዝር ማጣሪያው ሶፍትዌር እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዴ የኩላሊት ማጠቢያ መለዋወጫ ክፍያ መጣ፣ አገሩ ማዕቀብ ላይ ቢሆንም የሕክምና ዕቃ በሕጉ ተፈቅዷል፣ ሰነዱ ሙሉ ነው፣ ኤልሲው (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ንጹህ ነው። የተቀባዩ ስም ዝርዝሩ ላይ ካለ ሰው ጋር በሁለት ፊደል ይመሳሰላል። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ ሰውየው ሌላ መሆኑን አስረዳሁ። መካከል ላይ ያለው ባንክ መልስ እንኳ ሳይሰጥ ብሩን መለሰው። ሕጉ አልከለከለም፣ ግን ለአንድ መለዋወጫ ብሎ የቅጣት አደጋ ውስጥ የሚገባ ባንክ የለም። ከዛ በኋላ ታማሚዎቹ ምን ሆኑ ብሎ የጠየቀኝ ሰውም የለም። ይሄ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገባም።

ብረት_ሰባሪ፦
ኤልሲ እህቴ በዚህ አልከራከርሽም። ግን ግማሽ ሚሊዮን ሕጻናት አለቁ የሚለውን እንዳታመጪው፣ ያ ቁጥር የሳዳም መንግሥት ያበላሸው ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው።

ኤልሲ_ከፋች፦
መቼ አመጣሁት? አላመጣሁትም እኮ። ቁጥሩ ቢወድቅም የተራበው ሰው አልወደቀም።

ጋሽ_ዘመን፦
ልጆቼ ጨዋታችሁን ሳነብ አመሸሁ። ማዕቀብ ሲነሳ እኔ ትዝ የሚለኝ ጣልያን ነው። ኦክቶበር 1935 ድንበራችንን ጥሶ ሲገባ የመንግሥታቱ ማኅበር ኖቬምበር 18 ላይ ማዕቀብ ጣለበት። ዝርዝሩን አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ለጣልያን እንዳይሸጥ ከተባለው ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል አለ። ጎማ አለ፣ ቆርቆሮ አለ። ነዳጅ ግን የለም! የድንጋይ ከሰልም የለም። ሞሶሎኒ ታንኩን በበቅሎ የሚያስጎትት መስሏቸው ይሆን? የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር፣ ወታደሩም መርዝ ጋዙም በዚያው በኩል አለፈ። ጃንሆይ ጁን 30 1936 ጄኔቫ ቆመው ተናገሩ፣ ማኅበሩ በወሩ ማዕቀቡን አነሳ።

ብረት_ሰባሪ፦
ጋሼ ተባረኩ፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ማዕቀብ ዋጋ የለውም።

ጋሽ_ዘመን፦
የለም ልጄ፣ አላልኩም። የሚያመውን ቦታ ሳይነኩት ነው የቀሩት። በቅሎ ከልክሎ ቤንዚን የሸጠ ሰው ሞክሬ አልሆነልኝም ማለት አይችልም።

ብረት_ሰባሪ፦
እሺ ጋሼ ይሁን። የሚያመው ቦታ ተነክቶስ? ሰሜን ኮሪያን እንይ። በ1992 ተቆጣጣሪ አስገባች፣ ኤጀንሲው ያስመዘገበችው ፕሉቶኒየምና ናሙናው አልገጠመልኝም አለ፣ በ1994 ስምምነት ተፈረመ፣ በ2002 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹን አባረረች፣ ኦክቶበር 2006 ቦምቡን አፈነዳች። ከዛ ማዕቀብ በማዕቀብ ላይ፣ በ2017 የተጣራ ነዳጅ በዓመት ከ500 ሺህ በርሜል በላይ እንዳይገባ ተባለ፣ እሷ ግን ባሕር ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ እየገለበጠች ታስገባለች። እስከ 2017 ስድስት ጊዜ አፈነዳች። ብር ስትፈልግ ደግሞ ኮምፒውተር ትሰብራለች፣ በ2016 ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ፣ ይባስ ብሎ የሚዘርፉት ሊበዛ ሲል አንዱን ቃል በስህተት ስለጻፉት ነው የተነቃባቸው። በፊደል ግድፈት! ማርች 2024 ላይ ደግሞ ሩሲያ ማዕቀቡን የሚከታተለውን የባለሙያዎች ቡድን በድምፅ ሻረችው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ይሄ ነው።

ሴንትሪፊዩጅ፦
ሰሜን ኮሪያ ጀርባዋ ቻይና አለች፣ ማዕቀብ እኮ ጎረቤት ካልተባበረ ወንፊት ነው። እኔ የማመጣው ኢራንን ነው። ጁላይ 2015 ስምምነት ላይ ተደረሰ፣ ወደ 19 ሺህ ሴንትሪፊዩጅ (ዩራኒየም የሚያበለጽግ ማሽን ነው) ከተተከለው 5,060 ብቻ እንዲያበለጽግ፣ ዩራኒየሙም ከ3.67 በመቶ እንዳያልፍ፣ ክምችቱ ከ300 ኪሎ እንዳይበልጥ። ካሜራ፣ ማኅተም፣ ተቆጣጣሪ ሁሉም ገባ። ኤጀንሲው በየሩብ ዓመቱ አክብራለች እያለ ይጽፍ ነበር። ሜይ 2018 ትራምፕ ወረቀቱን ጥሎ ወጣ፣ ማዕቀቡን መለሰ። ከዛስ? በ2021 ኢራን 60 በመቶ ማበልጸግ ጀመረች፣ በ2022 ካሜራዎቹን ነቀለች፣ ጁን 2025 በእስራኤልና በአሜሪካ ሲደበደቡ 60 በመቶው ብቻ ከ400 ኪሎ በላይ ደርሶ ነበር። ከድብደባው በኋላ ደግሞ ከኤጀንሲው ጋር መተባበር አቆመች፣ ያ ክምችት የት እንዳለ ገብቶ የሚቆጥር ጠፋ። ካሜራው ሲሠራ በየግራሙ ይቆጠር የነበረ ዕቃ ነው። ጉልበት ብቻ ነው የሚገባቸው ለምትሉ እንግዲህ ጉልበቱም መጣ፣ ማየቱ ግን ቀረ።

ቀልደኛው፦
ኧረ እኔ ለመሳቅ ገብቼ ትምህርት ቤት ሆነብኝ

ማታ_ማታ፦
ሁላችሁም እናመሰግናለን፣ ግን ርዕሱ ላይ ያለውን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም። ሳዳም መሣሪያው ከሌለው በሩን በርግዶ "ኑ እዩ" ብሎ ራሱን ለምን አላዳነም? እብድ ነበር እንዳትሉኝ፣ ጓደኛዬ እንደሱ ነው ያለኝ።

ፋይል_687፦
እብድ አልነበረም። እኔ እንደሚገባኝ ሦስት ነገር ተደራርቦበት ነው።

አንደኛ በ1991 ክረምት መሣሪያው እንደነበረው እንዳይታወቅበት ብሎ ተቆጣጣሪ ሳይጠራ፣ ሰነድ ሳይዝ፣ በድብቅ አወደመው። ያኔ ብልጥ የሆነ መስሎታል። ከ10 ዓመት በኋላ ያወደምክበትን ወረቀት አምጣ ሲባል ወረቀት የለም። በ2003 መጀመሪያ ላይ ኢራቆች አዚዚያ የሚባል ቦታ መሬት እየቆፈሩ የዛገ የቦምብ ቁርጥራጭ እያወጡ ነበር፣ አር-400 የሚባለውን፣ ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ አጠገባቸው ቆመው ፍርስራሹን ይቆጥራሉ። ጦር በር ላይ ቆሞ አንድ መንግሥት "ይኸው ይሄ ጭራው ነው፣ ይሄ ሆዱ ነው፣ ሰብሬዋለሁ እኮ" እያለ። ይሄ ምስል ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሁሴን ካሜልም በ1995 ለተቆጣጣሪዎቹ ሁሉም ወድሟል፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብሏቸው ነበር፣ ብረት_ሰባሪ ይቺን አልተናገርካትም።

ሁለተኛ ኢራን። ስምንት ዓመት የተዋጋት ጎረቤት ናት። ከተያዘ በኋላ ለኤፍቢአይ መርማሪው እንደተናገረው ከአሜሪካ ይልቅ ኢራን ነበረች የምታስፈራው። ለኒውዮርክ የለኝም፣ ለቴህራን ሊኖረኝ ይችላል፣ ሁለቱን በአንድ አፍ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛውና ለኔ ትልቁ፣ መውጫ በር አልነበረውም። ውሳኔ 687 መሣሪያውን ካስረከብክ የነዳጅ ሽያጭ እገዳህ ይነሳል ይላል። ማርች 1997 ላይ ግን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ማደሊን ኦልብራይት በአደባባይ መሣሪያውን ስላስረከበ ብቻ ማዕቀቡ ይነሳ በሚሉት አንስማማም አለች፣ በ1998 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ሳዳምን ማስወገድ ፖሊሲያችን ነው ብሎ ሕግ አወጣ። እጁን ስጥ ተብሎ የታሰረ ሰው አንገቱን ነው የምንፈልገው ካሉት እጁን ለምን ይሰጣል? በዛ ላይ ከአንስኮም ውስጥ ለአሜሪካ ስለላ የሚሠራ እንደነበረ በ1999 ወጣ። ለሳዳም የልብ ልብ ሰጠው፣ አንስኮምም በዚያው ሞተ።

ብረት_ሰባሪ፦
መውጫ በር የምትለዋ ትገባኛለች፣ ጋዳፊን ያየ ሁሉ ትገባዋለች። ዲሴምበር 2003 ላይ ፕሮግራሜን ትቼ አስረክባለሁ አለ፣ ተጨበጨበለት፣ መሪዎች ድንኳኑ ድረስ መጥተው ጨበጡት፣ በ2011 በኔቶ አውሮፕላን እየተደበደበ ተገደለ። ፒዮንግያንግ ይሄን ታሪክ ደጋግማ የምታነሳው በከንቱ አይደለም።

ግን ፋይል አንድ ነገር መካድ የለብህም። ተቆጣጣሪዎቹ ዲሴምበር 1998 ላይ የአሜሪካና የእንግሊዝ ድብደባ ሊጀመር ሲል ወጡ፣ አራት ዓመት ማንም አልገባም፣ ማዕቀቡ እንዳለ ነው። ፍተሻው እንደገና የጀመረው ኖቬምበር 27 2002 ነው። ለምን? ጦሩ ኩዌት ላይ ስለተከማቸ! ያኔ ነው ሳዳም በር በርግዶ 411 ቦታ ላይ 731 ጊዜ የተፈተሸው። አል ሳሙድ 2 የሚባለው ሚሳኤል ሙከራ ላይ 183 ኪሎሜትር ሄዶ ተገኘ፣ የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ሃንስ ብሊክስ ይሰበር አለ፣ ከማርች 1 ጀምሮ በቡልዶዘር ይደፈጠጥ ጀመር፣ ወደ 70 የሚሆነው ሄደ። ያለ ጦሩ አንዱንም አይሰብርም ነበር።

ፋይል_687፦
አልክድም። ያለ ጉልበት ፍተሻ ሻይ መጠጣት ነው። እኔን ሚያንገበግበኝ ጦሩ ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ቡልዶዘሩ እየሠራ ባለበት ሰዓት ነው ያቋረጡት። ብሊክስ ማርች 7 ላይ የሚቀረኝ ሥራ ዓመታትም ሳምንታትም አይወስድም፣ ወራት ነው አለ። በ11ኛው ቀን ተቆጣጣሪዎቹ ወጡ፣ በ13ኛው ቀን ጦርነት። ከዛ በኋላ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተልኮ መሣሪያ ሲፈልግ ከረመ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፣ በ2004 የዚሁ ቡድን ሪፖርት፣ የዱልፈር የሚባለው፣ ክምችቱ በ1991 ነው የጠፋው አለ።

ኤልሲ_ከፋች፦
ጦር ቆሞ ይጠብቅ የምትሉት በማን ወጪ ነው? በረሃ ላይ 200 ሺህ ወታደር ስንት ወር ይቆማል? በሌላ በኩል ደግሞ የራሽን ካርዱ ስንት ዓመት ይቀጥላል? እኔ ሠርቷል የሚለውን ቃል ያለ ሒሳብ አልወደውም። የሚሳኤሉን ጎን እንጂ የሰዉን ጎን የመዘገበ ደብተር አላየሁም።

ላብ_ሰው፦
@ኤልሲ_ከፋች የባንክ ሒሳቡ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ማዕቀብ የሚባለው ከኢራቅ በኋላ የበዛው ለዚህ አይደል? የባለሥልጣን ስም በስም እየተጠራ።

ኤልሲ_ከፋች፦
ነው እንጂ፣ የኔ ኩላሊት ማጠቢያስ የተመለሰው በማን ስም ሆነና? በስም መመሳሰል።

ማታ_ማታ፦
ሁሉንም ለጓደኛዬ ላኩለት። አንብቦ ሲጨርስ የላከልኝ መልስ ምን መሰላችሁ፣ "819 ገዝቶ 817ቱ ከተገኘ 2ቱ የት ገቡ?"

ፋይል_687፦
ኢራቅ እኛው ነን ያወደምናቸው አለች፣ ማስረጃ አልነበራትም። በኋላም የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ለጓደኛህ ንገረው፣ ጥያቄው ያኔም ይሄው ነበር፣ ጸጥታው ምክር ቤት ላይ።

ቀልደኛው፦
እኔ አሥር ጥንድ ካልሲ ገዝቼ አንድ እግሯ ስትጠፋብኝ የት እንደገባች አላውቅም፣ ደግነቱ እስካሁን የፈተሸኝ የለም

ብረት_ሰባሪ፦
ካልሲህ ከ150 ኪሎሜትር በላይ ነው የሚሸተው፣ ተጠንቀቅ